ከአዌቱ ድንጋይ ሥር እስከ ኦሞ ሸለቆ

ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ ነዋሪዎች፤
ለጅማ ከተማ አስተዳደር፤
ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፤
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፤
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፤

ጉዳዩ፦ ጅማ ለኦሞ ሸለቆ ስላለባት ኃላፊነት

ክቡራንና ክቡራት፣

ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ ተምሬ፣ እዚሁ ጅማ ጂኦግራፊ የማስተምር መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ድንጋይ ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አዌቱ ወንዝ ወረድኩ። መጀመሪያ የሄድነው ከከተማው በላይ፣ ውሃው ገና ቤቶቹ ጋ ሳይደርስ ወደሚፈስበት ቦታ ነበር። ልጆቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገቡ። አንዲት ልጅ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ አንስታ ገለበጠችና ሆዱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ጠፍጣፋ፣ የጥፍር ስባሪ የሚያህሉ፣ ከኋላቸው ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው ነፍሳት ድንጋዩ ላይ ይርመሰመሳሉ። ከአጠገባቸው ደግሞ የአሸዋ ቅንጣት በቅንጣት ላይ አጣብቀው ጠባብ ቱቦ የመሰለ ቤት የሠሩ ሌሎች አሉ። ልጆቹ ቆጠሯቸው፤ ከአንድ ድንጋይ ላይ ሃያ ሦስት። እነዚህ ነፍሳት አየር የጠገበ ንጹሕ ውሃ ካላገኙ አይኖሩም፤ እነርሱ ካሉ ወንዙ ደኅና ነው ማለት ነው።

ከዚያ ከከተማው በታች ወረድን። ወንዙ ያው ነው፣ የድንጋዩም ዓይነት ያው። ድንጋዩ ሲገለበጥ ግን አስቀድሞ የመጣው ሽታው ነበር፤ ቀጥሎ ጥቁር አተላ፤ በአተላው ውስጥ ደግሞ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ ትሎች። ሌላ ምንም አልነበረም። ትሎቹ የቀሉት በታፈነ ውሃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት አየር አጥብቆ የሚይዝ ደም ስላላቸው ነው። ሌላው ሁሉ ሞቶ እነርሱ ቀርተዋል። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ጅማ ነው።

ከልጆቹ አንዱ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ «መምህርት፣ ይህ ውሃ ከዚህ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ። መልሱን ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ነው። ያን ቀን ግን ለመናገር ከበደኝ።

አሁን ለእናንተ ልናገረው። አዌቱ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል። ግልገል ጊቤ ከታላቁ ጊቤ ጋር ይቀላቀላል። ጊቤ ከካፋ በኩል የሚመጣውን ጎጀብን ተቀብሎ ሲወርድ ስሙን ቀይሮ ኦሞ ይባላል። ኦሞም 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የኦሞንና የማጎን ብሔራዊ ፓርኮች ግራና ቀኝ አድርጎ፣ ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ቱርካና ከሚያገኘው ውሃ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል የሚሰጠው ይኸው ወንዝ ነው። ስለዚህ የኦሞ ሸለቆ ከእኛ የራቀ የሌላ ሰው አገር አይደለም። ሸለቆው የሚጀምረው እዚህ፣ ከሄርማታ ገበያ ጀርባ በሚያልፈው ውሃ ነው።

የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ተሰጥቶት ነበር። ጎሽ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አንበሳ፣ አቦሸማኔ፣ የሜዳ አህያና ቆርኬ የሚኖሩበት፣ ወንዙ ዳር ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት አገር ነው። በወንዙ ማዶ ማጎ አለ። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የገባው ግን በእንስሳቱ አይደለም፤ ከመሬቱ ውስጥ በተገኙት አጥንቶች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ የኬንያ ቡድን በታችኛው ሸለቆ፣ ኪቢሽ በሚባለው አካባቢ፣ የሰው ቅሪተ አካል አገኘ። ስፍራው እስከ ዛሬ የሚጠራው ባገኘው ኬንያዊ፣ በካሞያ ኪሜው ስም ነው። የተገኘው የእኛው ዓይነት ሰው፣ ግንባሩ ቀጥ ያለ፣ አገጭ ያለው ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 130,000 ዓመት ተገመተ። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደገና ሲለካ 195,000 ሆነ። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች ከአጥንቱ በላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ መርምረው፣ አመዱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከሻላ ፍንዳታ የመጣ መሆኑን ደረሱበት፤ ሰውየውም ቢያንስ 230,000 ዓመት የሚሆነው መሆኑን ገለጹ። በዚያው ሸለቆ ሹንጉራ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችና ከዚያም የቀደሙ የሰው ዘመዶች አጥንቶች ወጥተዋል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ያ አጥንት ይህን ሁሉ ዘመን ሳይበሰብስ እንዴት ቆየ? ስለተቀበረ ነው። የቀበረው ምንድን ነው? ደለል ነው። በዚያ ዘመን ቱርካና ሐይቅ ሞልቶ ወደ ሰሜን ተዘርግቶ ነበር፤ ኦሞ ከደጋው ያመጣውን አፈር ሐይቁ አፍ ላይ እየነሰነሰ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየደረበ ዘረጋው። የኪቢሽ አለት የምንለው ይህንኑ የወንዝ ጭቃ ነው። ከደጋው የመጣ ስል፣ ከጅማ፣ ከሊሙ፣ ከካፋ፣ ከየም ኮረብቶች ማለቴ ነው። ዓለም ሁሉ አያቱን ሊያይ ወደዚያ ሲሄድ፣ አያቱን በክብር ሸፍኖ ያቆየለት ከእኛ ተራሮች የወረደ አፈር ነው። ይህን ሳስብ ዘወትር ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ዛሬ ወደዚያው ሸለቆ የምንልከውን ሳስብ ደግሞ ሌላ እንባ ይመጣብኛል።

የዚህ ወንዝ ነገር ቀድሞም ሰዎችን ግራ ያጋባ ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ወደ ጊቤ መንግሥታት አገር መጥቶ፣ ጊቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ለአውሮፓ አወጀ፤ ለዚህም ብዙ ተከራከረ። ኦሞ ወደ ዓባይ ሳይሆን ወደ ቱርካና እንደሚወርድ እ.ኤ.አ. በ1896 ወንዙን ተከትሎ የሄደው የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ጓድ እስኪያረጋግጥ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የሸለቆው ሰዎች ግን ወንዛቸው ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚሞላ ካርታ የሚሥልላቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

ሙርሲዎች ኦሞን «ዋር» ይሉታል። በደቡብ ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት አንዱንም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ከዋክብቱ ተራ በተራ ማታ ማታ ሲጠልቁ እያዩ፣ ወንዙ ዳር የሚደርስበትንና ከዳር አልፎ የሚያጥለቀልቅበትን ጊዜ ይለያሉ። ጎርፉ ሲሸሽ ጥሎት በሚሄደው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላቸውን ይዘራሉ። ማዳበሪያ አያውቁም፤ ማዳበሪያው በየዓመቱ ከእኛ ይሄድላቸዋል። ክዌጉዎች ደግሞ ወንዙን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ሰው የሚያሻግሩ ሕዝብ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፦ እኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጣሪያችን ላይ ሲወርድ እንቅልፍ የሚያመጣብን ዝናብ፣ እዚያ ታች ሌላ ሰው ኮከብ እያየ የሚጠብቀው እንጀራው ነው።

ዛሬ ኮከቡ ይጠልቃል፤ ጎርፉ ግን እንደ ቀድሞው አይመጣም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በወንዙ ላይ ተከታትለው ግድቦችና የኃይል ማመንጫዎች ተሠርተዋል። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት፣ ግልገል ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት፣ ከዚያም 243 ሜትር ከፍታ ያለው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት። ኮይሻ በግንባታ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያው ውሃ በበራ አምፖል ሥር ነው፤ ሌሊት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር የማርመው በዚያው ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ግድቡ አይኑር አልልም። መብራት ሲጠፋ የሕክምና ቤት ምን እንደሚሆን፣ ወፍጮ ቤት ደጅ ላይ እህል ይዘው የሚቀመጡ እናቶች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። የምለው፣ ከብርሃኑ ድርሻ የወሰድን እኛ፣ ብርሃኑ ያስከፈለውን ዋጋ የሚከፍለውን ሰው አንርሳው ነው።

ጊቤ ሦስት ሲታቀድ፣ በየዓመቱ በክረምቱ ማብቂያ ለታችኛው ተፋሰስ ሕዝብ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ በሰነድ ተጽፎ ነበር። ክቡራን የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ ይህ ቃል ለሕዝብ የተሰጠ ቃል ነው። ጎርፉ መቼ፣ ለስንት ቀን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚለቀቅ በየዓመቱ አስቀድሞ ይነገር፤ ለሙርሲ በሙርሲኛ፣ ለዳሰነች በዳሰነችኛ ይነገር። ውሃው ሳይነገር ቀርቶ ማሽላ የሚደርቅበት፣ ወይም በሌላ ዓመት ሐይቁና ወንዙ ሞልተው የዳሰነች ቀዬዎችን በቅርብ ዓመታት እንዳየነው የሚያጥለቀልቅበት አገር፣ ውሃውን አስተዳድሬያለሁ ሊል አይችልም። ደለሉም አለ። አፈሩ ግድቡ ጀርባ ሲቀር ግድቡን ይሞላል፣ ታች ያለውን እርሻ ያስርበዋል። አንዱ ጉዳት ሁለቴ ነው፤ የሚጀምረውም የእኛ ኮረብቶች ዛፍ ሲቆረጥ ነው።

ስለ ስኳሩም ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኩራዝ ስኳር ልማት በታችኛው ሸለቆ ሲስፋፋ፣ ከፓርኮቹም ከአርብቶ አደሩ ግጦሽም መሬት ተወስዷል። ሸንኮራው ለአገር ያስፈልጋል የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ። ነገር ግን ብሔራዊ ፓርክ ብለን ከልለን፣ ከብት የሚያግደውን ሰው «እንስሳቱን ትረብሻለህ» ብለን ካስወጣን በኋላ፣ ለእርሻ ሲፈለግ ድንበሩን መልሰን ማንሳት ፍትሐዊ አይደለም። ያ አርብቶ አደር ጥያቄ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን? ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የማቀርበው ልመና ይህን የሚመለከት ነው፦ የፓርኩ ድንበር ዳግመኛ የሚነካ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠየቁት የሱሪ፣ የሙርሲ፣ የኛንጋቶም፣ የዲዚ፣ የሜኤንና የክዌጉ ሕዝቦች ይሁኑ። ያ ሣር፣ ያ ጥሻ፣ ያ የእንስሳት መተላለፊያ ባዶ መሬት ሆኖ አልቆየም። ሰዎቹ እያገዱበት፣ በወቅቱ እያቃጠሉ እያሳደሱት፣ ከብታቸው ጎሹ ጋር አንድ ውሃ እየጠጣ የኖረ አገር ነው።

ክቡራን የጅማ ነዋሪዎች፣ ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ስለ ኦሞ ሰዎች እዚህ ከተማ ውስጥ የምንናገረው ነገር አንዳንዴ ያሳፍረኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ የክፍል ሥራ ብሎ ያመጣው ወረቀት ላይ ከበይነ መረብ የተገለበጡ ፎቶዎች ተለጥፈው ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገች ሴት፣ ፊቱን ነጭ የተቀባ ወጣት፣ ከሥራቸው «ኋላ ቀር ባሕሎች» የሚል አርእስት። አልተቆጣሁትም፤ ቃሉን ከእኛ ከትልልቆቹ ሰምቶት ነው። «ይህች ሴት ስሟ ማን ነው?» አልኩት። አላወቀም። «ፎቶ ያነሳት ሰውስ ጠይቋት ይሆን?» አልኩት። ዝም አለ። ወረቀቱን ወስዶ በሳምንቱ ሲመልሰው ፎቶዎቹ የሉም፤ በምትካቸው ማሽላ በደለል ላይ እንዴት እንደሚዘራ የሚያሳይ በእርሳስ የተሣለ ሥዕል ነበር። ያን ሥዕል እስከ ዛሬ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እኛ የራሳችን ወግ ሲናቅ እንዴት እንደሚከፋን እናውቃለን። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ስናስጎበኝ እንግዳው የእንጨቱን ፍልፍል፣ የሰገነቱን አሠራር፣ የንግዱንና የአስተዳደሩን ጥበብ እንዲያይልን እንጂ ፎቶ አንስቶ እንዲሄድ አንፈልግም። ለሱሪና ለሙርሲ የምንመኘውም ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባም።

ቦዬን ታስታውሱታላችሁ? እናቴ ለቡና የምትጎዘጉዘው ቄጠማ ከዚያ ነበር የሚመጣው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦ ጉማሬ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ለረዥም ጊዜ ምንም አልታየም፤ ከዚያ ሁለት ጆሮና ሁለት አፍንጫ ብቻ ከውሃው ብቅ አሉ፣ «ፉፍ» ብለው ረጩና ተመለሱ። ከዳር ራሳቸው ላይ ወርቅማ አክሊል የደፉ ረጃጅም ወፎች እየተራመዱ ነበር። ዛሬ ረግረጉን ከአንድ ወገን የጡብ ጭቃ የሚቆፍረው፣ ከሌላ ወገን ባሕር ዛፍ የሚተክለው፣ ከሦስተኛው ወገን ቆሻሻ የሚደፋው ይሻማበታል። ጡብ የሚሠራው ወጣት እንጀራ ፈልጎ እንጂ ረግረጉን ጠልቶ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የሚሰጠው ካለ ይሄዳል። ባሕር ዛፉ ግን ውሃ በሚጠጣ ሥሩ ረግረጉን ያደርቃል፤ ረግረግ ደግሞ ለወንዝ ኩላሊት ነው። ከከተማው የወጣውን እድፍ ቄጠማውና ደንገሉ ይዘው፣ ጭቃውን አዝቅጠው፣ ውሃውን አጣርተው ወደ ግልገል ጊቤ የሚልኩት እነርሱ ናቸው። ቦዬን ያጣ ወንዝ እንደ ኩላሊት በሽተኛ ያብጣል።

ስለ ቡናችንም እውነቱን ልናገር፤ በቡና ከሚኖር ቤት ስለተወለድኩ መብት ይኖረኛል ብዬ አምናለሁ። ቀይ እሸት ቡና በሚታጠብበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ የዞናችን ወንዞች ቀለማቸው ይቀየራል። ከልጣጩ የሚወጣው ስኳር ውሃው ውስጥ ሲገባ ተሕዋስያን ይረባረቡበትና በውሃው ያለውን አየር ይጨርሱታል፤ ያኔ ነው ያ ኮምጣጣ ሽታ የሚመጣው። ጉዳዩ መድኃኒት የሌለው አይደለም። ልጣጩን ለብቻው ለይቶ ብስባሽ ማድረግ፣ የእጥበቱን ውሃ በተለበጠ ጉድጓድ ማዝቀጥ፣ ከጉድጓዱ በታች ቬቲቨር ሣር መትከል ይቻላል፤ ይህን የሚያደርጉ ማጠቢያ ጣቢያዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያደርጉት ይመስገኑ፤ የማያደርጉት ይገደዱ።

የከተማው አስተዳደር የአዌቱን ዳርቻ ለማልማት የጀመረውን ሥራ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። ሰው ልጆቹን ይዞ ወንዝ ዳር ሲቀመጥ ወንዙን መውደድ ይጀምራል። ነገር ግን ዳርቻው አበባ ለብሶ ውሃው ጥቁር ከሆነ ሥራው አልተጀመረም። በዚያ የጥቅምት ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ከአንድ ግንብ ሥር የወጣ፣ እንደ ክንድ የወፈረ ቱቦ አየን። ድርጅቱን በስም አልጠራም፤ ቱቦው የአንድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከቱቦው ሳሙናማ ግራጫ ውሃ ይወርድ ነበር፤ በአጠገቡ ያለው የድንጋይ ግንብ በቅባት አብረቅርቋል። ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ትልቅ ሰው ነኝና አንድ ነገር አደርጋለሁ ብለው ነው። ይህ ደብዳቤ ያን ቀን ለዓይናቸው የሰጠሁት መልስ ነው። አስተዳደሩ ወንዙን ከላይ እስከ ታች በእግር ሄዶ ቱቦዎቹን ይቁጠር፤ የቆጠረውንም ለሕዝብ ያሳውቅ፤ እያንዳንዱ ቱቦ የሚዘጋበት ወይም ማጣሪያ የሚያገኝበት ቀን ይቆረጥለት።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ከአበልቲ ቁልቁል የጊቤን በረሃ የምንወርደው ሁላችን ነን። ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ያኔ ከአውቶቡሱ መስኮቶች ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ይወረወራል። ያ ስፍራ ከጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚያያዝ የዱር እንስሳት አገር ነው። ዝንጀሮዋ የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ከነላስቲኩ ስትውጥ አይቻለሁ፤ ልጇ ጀርባዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ እስኪያስገድደን መጠበቅ ግን አያስፈልገንም። በሚቀጥለው ጉዞ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሃይላንዱን ከእግሩ ሥር ያስቀምጥ፤ የአውቶቡሱ ረዳትም አንድ ማዳበሪያ ከፊት ይስቀልለት።

«ግድቡ ላስቲኩን ያስቀረዋል፣ ኦሞ አይደርስም» የሚለኝ ሰው አለ። ምናልባት ላስቲኩ ግድቡ ላይ ይቀር ይሆናል። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ግን ግድብ አያግደውም።

ከጅማ ተነስቶ በጪዳ በኩል ወደ ኮንታ የሚወስደው መንገድ የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክን በግማሽ ቀን ጉዞ አቅርቦልናል። ዝሆን ለማየት ወደ ሌላ አገር መሄድ የማያስፈልገው የጅማ ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን አንድ አውቶቡስ ቢከራይለት፣ ለዘለዓለም የማይረሳው ነገር ያያል። በዳውሮ የንጉሥ ሃላላን የድንጋይ ካብ ያያል፤ ኦሞን ከላይ ከገደሉ ጫፍ ያያል። በቦንጋና በሚዛን አማን በኩል ወደ ማጂ የሚሄደው ደግሞ ለኦሞ ፓርክ ሌላው በር ነው። ጅማ የደቡብ ምዕራብ መግቢያ ናት እየተባለች ትመሰገናለች፤ ጎብኚው ግን እዚህ አድሮ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ሲነሳ፣ ከበሩ በኋላ ያለው አገር ምን እንደሆነ የሚነግረው አንድ ጽሑፍ አያገኝም።

ስለዚህ ለቅርስ ባለሥልጣንና ለከተማችን ሙዚየም ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሙዚየሙ የአባ ጅፋር ንብረቶችና የጅማ በርጩማዎች ባሉበት፣ አንድ ግድግዳ ለወንዙ ይሰጥ። ከአዌቱ እስከ ቱርካና ያለው የወንዙ ካርታ ይሣልበት፤ የኪቢሹ ቅል ቅጂ ይቀመጥ፤ ከሥሩም ከእኛ ኮረብታ የተቆፈረ አንድ እፍኝ አፈር በጠርሙስ ይሁን። ሰዎቹን የሚገልጸውን ጽሑፍ ከሸለቆው የመጡ ሰዎች ራሳቸው ይጻፉት፤ በዩኒቨርሲቲያችን የሚማሩ የዚያ አካባቢ ልጆች አሉ፣ መጥታችሁ ጠይቋቸው። በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው የሞቱት አጥንት ነው። የሕያዋኑ ድምፅ ቢያንስ በእኛ ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ወንዙ በኦሮሚያ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ በደቡብ ምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ያልፋል። አራት ክልል የሚያስተዳድረው ውሃ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተመከረበት፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ወስዶ ሌላውን ወደ ታች ይልካል። ሚኒስቴሩ በዓመት አንድ ጊዜ የተፋሰሱን ሰዎች ሰብስቦ ያወያይ። ከጅማ የቡና ማጠቢያ ባለቤት፣ ከየም ገበሬ፣ ከዳውሮ ዝሆን ጠባቂ፣ ከሙርሲ ሽማግሌ፣ ከዳሰነች ዓሣ አጥማጅ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ስብሰባ ጅማ ቢሆን እንግዶቹን የሚያስተናግድ ቤት አናጣም፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

እስከዚያው እኛ ሥራ ጀምረናል። ተማሪዎቼና እኔ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አዌቱ ዳር እንገኛለን። ከከተማው በላይ አሥር ድንጋይ፣ ከከተማው በታች አሥር ድንጋይ ገልብጠን ያገኘነውን በደብተር እንጽፋለን። ደብተሩ የሁሉም ነው፤ መጥቶ ማየት የፈለገ ያያል። ደብዳቤው የተጻፈላችሁ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ ከእያንዳንዳችሁ አንድ ሰው በሚቀጥለው ወር እንድትልኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦት ጫማ አለን። ከታች በኩል ያለውን ድንጋይ የሚገለብጠው የእናንተ ሰው ይሁን፤ ደብተሩ ላይም የሚጽፈው እርሱ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የጂኦግራፊ መምህርት
ጅማ